የባቡር ክሮስ ሴክሽን በምን እንስራው? ዝግጁው ሰብአሴምብሊ፣ ኮምፖዘር ወይስ ኦፕንሬይል

ሰላም ነው ወገን። ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ሶስት ተመራቂ ልጆች በተለያየ ቀን አንድ አይነት ጥያቄ ይዘው መጡብኝ። ርዕሳቸው ከአዘዞ ወደ መተማ የሚሄድ የባቡር መስመር ዲዛይን ነው፣ አላይመንቱን (ከላይ የሚታየውን የመስመሩን አካሄድ) እንደምንም ዘርግተዋል፣ ፕሮፋይሉንም (የመስመሩን ከፍታና ዝቅታ) ጥለዋል፣ ክሮስ ሴክሽኑ (መስመሩ በአግድም ሲቆረጥ የሚታየው ቅርጽ) ጋ ሲደርሱ ግን ሶስቱም ቆመዋል። አይፈረድባቸውም፣ መንገድ የለመደ እጅ ሌን፣ ሾልደር፣ ዲች እያለ አይኑን ጨፍኖ ነው የሚገጣጥመው፣ ሀዲድ ሲመጣ ግን ባላስቱን (ከሀዲዱ ስር የሚነጠፈውን ጠጠር) ከምን እንደሚያያይዘው፣ ኬንቱን (ከርቭ ላይ አንዱ ሀዲድ ከሌላው ከፍ የሚልበትን) ምን እንደሚያዞረው ግራ ይገባዋል፣ ዩቲዩብ ሲከፍት ደግሞ አንዱ ዝግጁውን ሰብአሴምብሊ (ክሮስ ሴክሽኑ የሚገጣጠምበትን ቁራጭ) ጎትተህ ጣል ይላል፣ ሌላው ራስህ ስራው ይላል፣ ሶስተኛው ሲቪል ስሪዲን (የለመድነውን የአውቶዴስክ ዲዛይን ሶፍትዌር) ትተህ ኦፕንሬይል (የቤንትሊን የባቡር ሶፍትዌር) ግባ ይላል። እና ለእያንዳንዱ ስደጋግም ከምውል አንዴ ልጻፈው አልኩ።

መስመሩን ለማታውቁት፣ ወረታ አዘዞ መተማ በሀገር አቀፉ የባቡር ኔትወርክ እቅድ ላይ የነበረ ስም ነው፣ መሬት ላይ ግን ምንም የለም፣ ለኛ ለጎንደሬዎች ባቡር እስካሁን ያለው ወረቀት ላይ ነው። ለመለማመጃ ግን ከዚህ የተሻለ መሬት አላውቅም። አዘዞ 2000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፣ መተማ 700 አካባቢ፣ ስለዚህ ከ1200 ሜትር በላይ መውረድ አለባችሁ፣ በ2 ፐርሰንት ያለማቋረጥ ብትወርዱ እንኳ ለመውረዱ ብቻ 60 ኪሎሜትር ሀዲድ ይበላል። መስመሩ ገደሉን እየታከከ ሲጠመዘዝ ከርቭ በከርቭ ላይ ይሆናል፣ ከርቭ ባለበት ኬንት አለ፣ ላይ አዘዞ ዙሪያ ደግሞ ዋልካ፣ ታች ቆላው ላይም ዋልካ፣ መሀሉ አለት። አማራጩን የሚወስንላችሁ ይሄ ነው እንጂ የሶፍትዌሩ ስም አይደለም፣ መስመሩ ላይ ምን ምን እየተቀያየረ ይሄዳል ብላችሁ ጠይቁ።

አማራጮቹ ጋ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናገር፣ ይሄን ያልጨረሰ ሰው የትኛውንም ቢመርጥ ያው ነው።

እኔ ራሴ መጀመሪያ ስለማመድ ከአዘዞ ሜዳውን ይዤ 12 ኪሎሜትር ዲዛይን አድርጌ ነበር፣ ኮሪደሩ (ክሮስ ሴክሽኑ በመስመሩ ሁሉ ተዘርግቶ የሚወጣው ስሪዲ ሞዴል) ሸጋ ሁኖ ወጣልኝ፣ ኳንቲቲውን (የስራውን መጠን) አውጥቼ ፒያሳ ቡና ላይ ለአንድ ትልቅ ሰርቬየር አሳየሁት፣ ብዙ አመት በመንገድ ስራ ያሳለፈ ጋሼ የምንለው ሰው ነው። ወረቀቱን አየት አደረገና «አንተ ልጅ፣ ይሄ የሰጠኸኝ ከፍታ የሀዲዱ ነው የአፈሩ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ፕሮፋይሉን ስስል በሀሳቤ የሀዲዱ አናት ነው ብዬ ነበር፣ አሴምብሊው (ከሰብአሴምብሊዎች የተገጣጠመው ክሮስ ሴክሽን) ግን ያንን መስመር ፎርሜሽን (ከባላስቱ ስር ያለው የተስተካከለ አፈር) ላይ ነበር ያስቀመጠው። ደምሩት፣ በሜትር 60 ኪሎ የሚመዝነው የቻይና ሀዲድ ቁመቱ 176 ሚሜ ነው፣ ከስሩ ያለው ፓድ 10 ገደማ፣ የኮንክሪት ስሊፐሩ (ሀዲዶቹን የሚሸከመው አግዳሚ) ሀዲዱ ስር 210 ገደማ፣ ባላስቱ 300፣ ተደምሮ ወደ 70 ሳንቲም ይመጣል። ፎርሜሽኑ 7.5 ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ የጎኑን ቁልቁለት ሳንቆጥር፣ በ12 ኪሎሜትር ላይ 63,000 ሜትር ኩብ ሙሌት ከምንም ተነስቶ ተጨመረ ማለት ነው። ጋሼ አልሳቀብኝም፣ እኔ ግን እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ። ፕሮፋይሉ የማን ከፍታ ነው፣ የሀዲድ አናት ከሆነ የዝቅተኛው ሀዲድ አናት ነው ወይስ የመሀሉ፣ ጌጁ፣ ማለትም የሁለቱ ሀዲዶች ርቀት፣ ስንት ነው (አዲስ አበባ ጅቡቲ አዲሱ 1435 ሚሜ ነው፣ የድሮው የድሬዳዋው 1000 ነበር)፣ ስሊፐሩ ስንት ሜትር ነው፣ 2.6 በጣም የተለመደ ነው፣ ባላስቱ በስንት ይወርዳል፣ 1፡1.5 እንበል፣ ፎርሜሽኑ ወደ ጎን ስንት ፐርሰንት ያዘነብላል፣ 4 ወይ 5። ይሄን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ሳሉትና ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ሌላም ነገር አለ፣ መንገድ ላይ ሱፐርኤሌቬሽን (ከርቭ ላይ የመንገዱ መጋደል) ሲገባ ሙሉ ሌኑ ነው የሚዞረው፣ ሀዲድ ላይ ግን የሚዞሩት ሀዲዱና ስሊፐሩ ናቸው፣ ባላስቱ በውጪው በኩል ይወፍራል፣ ከስር ያለው ፎርሜሽን ግን እንደነበረ ነው የሚቆየው። ልምድ ይዟቸው የመንገድ ሌን ሰብአሴምብሊ ወስደው ስፋቱን ቀይረው ባላስት ነው ያሉ ሰዎች አይቻለሁ፣ ከርቭ ላይ ሲደርስ አፈሩ ሁሉ አብሮ ይጋደማል፣ ውሃው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ቆረጣና ሙሌቱም ውሸት ይሆናል።

አሁን ወደ አማራጮቹ።

ቀላሉ ሴክሽኑን አውቶካድ ላይ በፖሊላይን ስሎ ወደ ሰብአሴምብሊ መቀየር ነው። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ኮድ (መለያ ስም) ትሰጡታላችሁ፣ ኮሪደሩ ላይ ይዘረጋል፣ ያምራልም። ግን ድንጋይ ነው፣ የሳላችሁት ቅርጽ ከመጀመሪያው ስቴሽን (በመስመሩ ላይ በርቀት የሚጠራ ነጥብ) እስከ መጨረሻው አይነቃነቅም፣ ኬንት አያውቅም፣ ታርጌት (ሊከተለው የሚገባ መሬት ወይም መስመር) አያውቅም። ለፕረዘንቴሽን ስሪዲ ምስል ወይም ለቀጥታ አጭር መስመር ይሆናል፣ ለመተማ መስመር አይሆንም፣ በቃ።

ሁለተኛው ሲቪል ስሪዲ ውስጥ ድልድይና ሬይል የሚለው ፓሌት ላይ የሚገኘው ሬይልሲንግል የተባለው ዝግጁ ሰብአሴምብሊ ነው። አብዛኛው ሰው ከዚህ ይጀምራል፣ ይጀምርም። ሀዲዱ፣ ስሊፐሩ፣ ባላስቱ፣ ሰብባላስቱ (ከባላስቱ ስር ያለው ንጣፍ) ሁሉ በአንድ ላይ ተሰርቶ ነው የሚመጣው፣ መጠናቸውን ከፓራሜትሩ ላይ ትቀይራላችሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አላይመንቱ ላይ ያሰላችሁትን ኬንት ያነባል። ለዚህ ግን አላይመንቱ አይነቱ ሬይል ተብሎ መፈጠር አለበት፣ እንደ መንገድ ሴንተርላይን ከፈጠራችሁት የኬንቱን ዊዛርድ አታገኙትም፣ ከዛ «ሶፍትዌሬ ተበላሽቷል» ትላላችሁ (በወር አንዴ ይሄን እሰማለሁ)።

ኬንት ስታስገቡ ሁለት ቦታ ተጠንቀቁ። አንደኛው ትራክ ዊድዝ የሚለው ነው፣ ብዙ ሰው 1435 ይጽፋል፣ 1435 ግን በሀዲዶቹ ውስጠኛ ፊት መሀል ያለው ርቀት ነው፣ ኬንት የሚሰላው ከሀዲድ መሀል እስከ ሀዲድ መሀል ስለሆነ 1500 ነው የሚገባው። ልዩነቱ ለአፈር ስራ ምንም አይደለም፣ ለሴቲንግ አውት (መስመሩን መሬት ላይ ለማስመር) ግን ይሰማል። ያቺ የታወቀችው 11.8 ሲባዛ ፍጥነት በካሬ ሲካፈል ለሬዲየስ የምትለው ቀመርም ከዚሁ ከ1500 ነው የመጣችው፣ ስለዚህ ለድሮው 1000 ሚሜ ሀዲድ አትሰራም። በ80 ኪሎሜትር በሰዓት፣ ሬዲየስ 800 ሜትር ላይ 94 ሚሜ ኬንት ትሰጣችኋለች፣ ይሄ ሙሉ ሚዛን የሚጠብቀው ነው፣ የምታስገቡት ግን ስታንዳርዳችሁ የሚፈቅደውን ጉድለት ቀንሳችሁ ነው፣ ጣሪያውም 150 ወይ 160 ሚሜ አካባቢ ነው እንደ ስታንዳርዱ። ሁለተኛው ፒቮት ነው። ዝቅተኛው ሀዲድ ላይ ይዙር፣ መሀሉ ላይ ይዙር፣ ግራው ላይ ይዙር ይላችኋል። ፕሮፋይላችሁ የዝቅተኛው ሀዲድ አናት ከሆነ ዝቅተኛውን ምረጡ፣ ዝም ብላችሁ ኔክስት ኔክስት ካላችሁ ግን መዘዙ ኋላ ነው።

የሬይልሲንግል ጉድለቱ ሌላ ነው፣ ሀዲዱን ይሰራል እንጂ መሬቱን አይጨርስላችሁም። ከሰብባላስቱ ጠርዝ ወዲያ ያለው የፎርሜሽን ትከሻ፣ ዲች፣ ሙሌትና ቆረጣ የናንተ ስራ ነው። ድርብ ሀዲድ ላይ ደግሞ ጨርሶ ያስቸግራል። አዲስ አበባ ጅቡቲ ላይ ከሰበታ እስከ አዳማ ድርብ ነው፣ እንደሱ አይነት ነገር ልስራ ብላችሁ ሁለት ሬይልሲንግል በ4 ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ብትሰኩ ምን ይሆናል፣ የስሊፐር ግማሽ 1.3፣ የባላስት ትከሻ 0.4፣ ከላይ 1.7 ይሆናል፣ ግማሽ ሜትር የባላስት ቁመት በ1፡1.5 ሲወርድ ከስር 2.45 ይደርሳል፣ መሀል መስመሩ ግን 2.0 ላይ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ባላስት ከስር ይደራረባል፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ ሁለቱንም ይቆጥራል። በሜትር 0.135 ሜትር ኩብ ነው፣ ትንሽ ይመስላል፣ በኪሎሜትር ግን 135 ሜትር ኩብ የሌለ ጠጠር ነው። ባላስት ደግሞ ተፈጭቶ ተነፍቶ የሚመጣ ድንጋይ እንጂ ከመንገድ ዳር የሚዛቅ አፈር አይደለም።

ሶስተኛው የምለው ራሱን የቻለ መንገድ ሳይሆን ለሁለተኛው ማሟያ ነው፣ ሬይልሲንግልን ለሀዲዱ ብቻ ተጠቅማችሁ የቀረውን ከጠቅላላ ሊንኮቹ (ነጠላ መስመር ከሚሰሩ ቀላል ሰብአሴምብሊዎች) መገጣጠም። ስፋትና ስሎፕ የምትሰጡት ሊንክ ለትከሻው፣ ቆረጣ ወይስ ሙሌት ብሎ የሚለየው ኮንዲሽናል፣ ጥልቅ ቆረጣ ላይ ደረጃ የሚሰራው ዴይላይት ቤንች፣ ወዘተ። ከአዘዞ ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ ደረጃ የሌለው ቆረጣ አስቡት፣ አንድ ክረምት አይቆይም። ዋልካ ባለበት ደግሞ ስሩን ቆፍሮ በተመረጠ አፈር የሚተካ ሌላ አሴምብሊ ሰርታችሁ ኮሪደሩን በሪጅን (በየራሱ አሴምብሊ ባለው ክፍል) ትከፋፍሉታላችሁ። ነጠላ ሀዲድ ለሚሰራ ተመራቂ እኔ የምመክረው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም አድቫይዘር «ይሄ መስመር ከየት መጣ» ብሎ ሲጠይቅ እያንዳንዷን ሊንክ ማስረዳት ትችላላችሁ። ችግሩ አሴምብሊው እየበዛ ሲሄድ ነው። አስር ሪጅን፣ ስድስት አሴምብሊ ሲሆን፣ አንዱ ላይ የባላስት ውፍረት ቀይራችሁ አምስቱ ላይ ትረሳላችሁ፣ ሪጅን በሚገናኝበት ቦታም ፎርሜሽኑ እንደ ደረጃ ዘለል ይላል። ስም ስትሰጡ አሴምብሊ 1፣ አሴምብሊ 2 አትበሉ ባካችሁ፣ «ነጠላ ሙሌት ዋልካ» በሉት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሳችሁን ታመሰግናላችሁ።

አራተኛው ሰብአሴምብሊ ኮምፖዘር። ለብቻው የሚከፈት ፕሮግራም ነው፣ ከሲቪል ስሪዲ ጋር ነው የሚመጣው፣ ፖይንት (ነጥብ)፣ ሊንክ (መስመር)፣ ሼፕ (ዝግ ቅርጽ) እያላችሁ በፍሎውቻርት ትገነባላችሁ፣ ፒኬቲ ፋይል ይወጣል፣ ወደ ሲቪል ስሪዲ ታስገቡታላችሁ። ኮድ ሲባል ለሚደነግጥ ሰው መጀመሪያ ያስፈራል ግን ከኤክሴል ኢፍ ብዙም አይርቅም። ሱፐርኤሌቬሽን ከሚለው ታብ ጎን ኬንት የሚል ታብ አለ፣ በዛ በኩል የግራና የቀኝ ሀዲዱን ከፍታ ልዩነት ሰብአሴምብሊያችሁ ያነበዋል፣ ከዛ ስሊፐሩን አዙር፣ ፎርሜሽኑን ግን አትንካ፣ ባላስቱን በሁለቱ መሀል ሙላ ትሉታላችሁ። ድርብ ሀዲድ ከሆነ መሀል ላይ ያለውን ባላስት አንድ ሼፕ አድርጋችሁ መዝጋት ትችላላችሁ፣ ያ የ135 ሜትር ኩብ ጣጣ እዚህ የለም። ዋልካ አለ ወይ የሚል ኢንፑት ፓራሜትር ጨምራችሁ አለ ከሆነ በዚህ ሂድ፣ የለም ከሆነ በዛ ሂድ ብትሉት ስድስት አሴምብሊ የነበረው አንድ ይሆናል።

የሚያስከፍላችሁ ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ለመስራት እኔ ሶስት ሳምንት ማታ ማታ ፈጅቶብኛል፣ መብራት የጠፋበትን ሳልቆጥር (ዩፒኤስ የሌላችሁ በየአስር ደቂቃው ሴቭ)። ፕሪቪው ላይ በትክክል የሚሰራው ነገር ሲቪል ስሪዲ ውስጥ ሲገባ ይሰበራል፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ፖይንት ኬንት በሌለበት ቦታ ዜሮ ርዝመት ያለው ሊንክ ስለሚሰራ ነው፣ ስለዚህ ኬንት ዜሮ፣ ኬንት ወደ ግራ፣ ኬንት ወደ ቀኝ፣ ሶስቱንም ሳትሞክሩ አታስረክቡ። ሌላው፣ በአዲሱ ቨርዥን የሰራችሁትን ፒኬቲ በአሮጌው ልክፈት ብትሉ እሺ ላይላችሁ ይችላል፣ እኛ ጋ ደግሞ ላፕቶፑ ሁሉ የየራሱ ቨርዥን ነው ያለው፣ ግሩፕ ከሆናችሁ መጀመሪያ ቨርዥን ተስማሙ።

አምስተኛው ኦፕንሬይል ዲዛይነር፣ የቤንትሊው። አስተሳሰቡ የተለየ ነው፣ ሰብአሴምብሊ የሚባል ቁራጭ የለም፣ ቴምፕሌት ነው፣ ቴምፕሌቱ ውስጥ ፖይንቶች አሉ፣ ፖይንቶቹን በኮንስትሬንት ታስሯቸዋላችሁ፣ ይሄ ከዚያኛው አግድም ይሄን ያህል ይራቅ፣ በዚህ ስሎፕ ይውረድ ትላላችሁ። ለኮንስትሬንቱ ስም ከሰጣችሁት ደግሞ ስቴሽን በስቴሽን ዋጋውን መቀየር ይቻላል፣ ስለዚህ ባላስት ውፍረት ለመቀየር አዲስ ቴምፕሌት አያስፈልግም። ሁሉም አይቲኤል በሚባል አንድ ላይብረሪ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ ቢሮ ውስጥ አስር ሰው አንድ ላይብረሪ ይጋራል። ከማፍቀሬ የተነሳ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ቴምፕሌት መስሪያው ላይ ቴስት የሚል በተን አለ፣ መሬቱን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ የጎኑ ቁልቁለት መሬቱን የት እንደሚይዝ እዛው ታያላችሁ፣ ኮሪደር ሳትገነቡ። ጣቢያ ላይ ብዙ መስመር፣ ተርንአውት (የሀዲድ መገንጠያ)፣ ክሮስኦቨር (ከአንዱ ሀዲድ ወደ ሌላው መሻገሪያ) ካለባችሁ ለዛ ነው የተሰራው። አዳዲሶቹ ሲቪል ስሪዲዎችም ተርንአውት ጨምረዋል፣ ግን ጣቢያ ግቢ ሙሉውን ልስራ ካላችሁ ኦፕንሬይል ያሸንፋል ባይ ነኝ።

ግን እውነቱን እንናገር፣ ጎንደር ላይ ስትቸገሩ ማንን ትጠይቃላችሁ? ሲቪል ስሪዲ የሚያውቅ ሰው ከማራኪ እስከ አዘዞ በየቢሮው አለ፣ መንገድ የሚሰራ ሁሉ ያውቀዋል፣ ኦፕንሬይል የሚያውቅ ግን እኔ በእጄ ጣት ነው የምቆጥረው። የተማሪ ላይሰንስ ሁለቱም አላቸው፣ ስለዚህ ገንዘቡ አይደለም ጉዳዩ፣ ሰኔ ላይ ዲፌንስ ሊደርስ አስር ቀን ሲቀረው ኮሪደሩ ሲሰበር አጠገባችሁ ማን አለ የሚለው ነው። ባቡር ላይ ልቀጠር ብሎ ቆርጦ ለተነሳ ሰው ግን ዛሬውኑ ይጀምር፣ አንድ አመት ቢፈጅበትም አይጸጸትም።

እና በአጭሩ ለጠየቃችሁኝ፣ ነጠላ ሀዲድ፣ ሴሚስተር ሙሉ ጊዜ የሌለው ሰው ሬይልሲንግል ከጠቅላላ ሊንኮች ጋር። ድርብ ሀዲድ ወይም አፈሩ በየኪሎሜትሩ የሚቀያየርበት መስመር ከሆነ ኮምፖዘር፣ ለጊዜው ሳትሰስቱ። ጣቢያ ግቢ ወይም ቢሮው ቀድሞ የገባበት ከሆነ ኦፕንሬይል። ፖሊላይኑን ለፖስተሩ ተዉት።

በነገራችን ላይ የሳተላይት ከፍታ ያወረዳችሁ ልጆች፣ እሱ ደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ የሚጠቀምበት የመገኛ ስርዓት) ላይ ነው፣ የድሮው ቶፖ ማፕ ደግሞ አዲንዳን በሚባል ሌላ ስርዓት፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ነው፣ ሳትቀይሩ ደራርባችሁ ከመቶ ሜትር በላይ ፈቅ ያለ ወንዝ ላይ ድልድይ እንዳትሰሩ።

የትኛውንም ብትመርጡ ሙሉውን መስመር ከመገንባታችሁ በፊት 200 ሜትር ብቻ የሙከራ ኮሪደር ስሩ፣ ጠፍጣፋ ሰርፌስ ላይ፣ አንድ ከርቭ ያለበት። ሴክሽን ኤዲተሩን ከፍታችሁ ኬንቱ ሙሉ የሆነበት ስቴሽን ላይ ቁሙና በእጃችሁ ለኩ። ዝቅተኛው ሀዲድ አናት ከፕሮፋይሉ ጋር እኩል ነው? ከፍተኛው ኬንቱን ያህል ብቻ ነው የሚበልጠው? የስሊፐሩ ሁለት ጫፍ ልዩነትስ? ኬንቱ 100 ሚሜ ከሆነ በ2.6 ሜትር ስሊፐር 173 ሚሜ መምጣት አለበት። ዝቅተኛው ሀዲድ ስር ያለው ባላስት ከሚፈቀደው አላነሰም? ፎርሜሽኑስ አልተጋደመም?

ከሶስቱ ልጆች አንዱ ይሄን ትናንት ሰርቶ ላፕቶፑን ይዞ መጣ፣ ቀላል እንዲሆንለት ፎርሜሽኑን ጠፍጣፋ አድርጎ፣ ኬንት 90፣ ባላስት 300 አስገብቶ። ዝቅተኛው ሀዲድ ስር ሲለካ 255 አገኘ። «300 ብዬው እኮ ነበር» ይላል ስክሪኑን በጣቱ እየነካ። ፒቮቱ ምን ላይ ነው አልኩት፣ ከፈተው፣ መሀል ላይ።